ሽቅብ የሚመጣው ምስክር

አያ ጅቦ ከምንጩ አፍ ላይ ቆሞ ይጠጣል። አህያዪቱ ከበታቹ ናት። ጅቡ ቀና ይልና «ውኃውን አደፈረሽብኝ» ይላታል። እርሷም ነገሩን ሁሉ ባንድ ቃል ትዘጋዋለች፤ «አያ ጅቦ፣ ሳታመኻኝ ብላኝ» ትለዋለች። ይህን ተረት ሳይሰማ ያደገ ኢትዮጵያዊ የለም ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሰውም ጉልበተኛ በደካማ ላይ ሰበብ መፈለጉን ለማሳየት ነው። ይሁን እንጂ ተረቱ ያዘለው ሌላም ነገር አለ። አህያዪቱ ጅቡን የምትረታው በሥነ ምግባር ስብከት ሳይሆን በመሬት አቀማመጥ ነው። ውኃ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ስለዚህ የደፈረሰ ውኃ ዕዳ የላይኛው እንጂ የታችኛው ሊሆን አይችልም። የሞራል ጥያቄ እንዲህ በቁልቁለት የሚለካበት ጊዜ ጥቂት ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ከላይ ያለው ማን እንደሆነ ለማወቅ ካርታ መዘርጋት አያሻም። ጉለሌ ጀርባውን ለእንጦጦ ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ ደቡብ አዙሮ ከተማው ላይ ተቀምጧል። ሸንተረሩ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ከፍ ይላል፤ የሁለት ታላላቅ ተፋሰሶችም ድንበር ነው። በሱሉልታ በኩል የዘነበው ዝናብ በሙገር አድርጎ ወደ ዓባይ ይሄዳል። በጉለሌ በኩል የዘነበው በቀጨኔ፣ በቀበናና በሌሎችም ጅረቶች ወርዶ አቃቂ ይገባል፤ አቃቂም አዋሽን ይቀላቀላል። ከአንድ ደመና ጎን ለጎን ከወረዱት ሁለት ነጠብጣቦች አንዱ ሱዳንንና ግብፅን አቋርጦ ሜዲትራኒያን ባሕር ሊደርስ ይችላል፤ ሌላው አፋር በረሃ ውስጥ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። የቤት ጣራ ጉልላት ዝናብን ወዲህና ወዲያ እንደሚከፍል ሁሉ ይህ ተራራ አገር ይከፍላል።

በመሬት አቀማመጥ ረገድ እንግዲህ የጉለሌ ሰው የጅቡን ቦታ ይዟል ማለት ነው። በኑሮ ረገድ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ከሽሮ ሜዳ እስከ ቀጨኔ የሰፈረው ሕዝብ ሸማኔ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ቀጥቃጭ፣ የቀን ሠራተኛና ማገዶ ለቃሚ ሆኖ ለከተማው ልብሱንና እሳቱን ሲያቀርብ የኖረ ነው። የቀጨኔ ባለሙያዎች በእጃቸው ጥበብ የተነሣ ምን ዓይነት ስም ሲለጠፍባቸው እንደኖረ፣ ጀበናውን ገዝቶ ሠሪዋን የሚሸሽ ኅብረተሰብም ምን ያህል ዘመን እንደቆየ አንባቢ ያውቃል። ከፍታው የተራራው እንጂ የእነርሱ አልነበረም። «የላይኛው ሰው ዕዳ አለበት» ሲባል ይህ ቅራኔ ካልታየ ክርክሩ ገና ከጅምሩ ወደ ሐሰት ያዘነብላል።

የተራራው ታሪክ ራሱ ይህንኑ ያስረዳል። ዳግማዊ ምኒልክ እንጦጦ ላይ በከተሙበት ዘመን የዚያ ደጋ ተፈጥሯዊ ልብሱ ጽድ፣ ወይራና ኮሶ ነበር። ቤተ መንግሥቱ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ፣ የመኳንንቱ ግቢና የሠራዊቱ ሰፈር ግንዱን ለቤት፣ ቅርንጫፉን ለምድጃ ፈለጉት። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች ሃያ ዓመት ሳይሞላት ማገዶው እጅግ ከመራቁ የተነሣ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ ተደረሰ። ከተማዋን ከመነቀል ያዳናት ከአውስትራሊያ ምድር የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ቶሎ በቀለ፤ ሲቆረጥም ከጉቶው መልሶ አቆጠቆጠ፤ ከተማው ሁሉ እንጀራውን በእርሱ ጋገረ። ዛሬ ባሕር ዛፍን መኮነን ቀላል ሆኗል። ያኔ የተከለው ሰው ግን የሚያነደው አጥቶ ነበር።

ዛፉ ብድሩን ያስከፈለው ከምንጩ ነው። ጥቅጥቅ ብሎ በተተከለበት ቁልቁለት ሥሩ ብዙ ውኃ ይስባል፤ ከጥላው ሥር ሣርና ቁጥቋጦ እንደ ልብ አይበቅልም፤ የረገፈው ቅጠልና ጭራሮም አፈሩን በማልበስ ፈንታ ለማገዶ ተጠርጎ ይሄዳል። የተራቆተ መሬት ዝናብ አይዝም። በክረምት ጎርፍ፣ በበጋ ደረቅ ድንጋይ የሆነ ጅረት የሚፈጠረው እንዲህ ነው። ምንጭ ካለፈው ክረምት የተቆጠበ ዝናብ ነውና፣ ቆጣቢው አፈር ሲሄድ ቁጠባውም አብሮ ይሄዳል።

ጥፋተኛው ማነው ሲባል ጣት የተቀሰረው በማን ላይ እንደነበረ ማስታወስ ይገባል። ጎሕ ሲቀድ ወጥተው፣ ወገባቸው እስኪጎብጥ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው በእንጦጦ ቁልቁለት የሚወርዱት ሴቶች የተራራው አራቋች ተባሉ። ጥበቃ አባረራቸው፤ ሸክማቸውን ተነጠቁ። እነርሱ ያወረዱትን ማገዶ ያነደደው ምድጃ ግን ከታች ነበር። ከተማው እንጀራውን በልቶ ሲያበቃ ቀና ብሎ «ተራራዬን አራቆታችሁብኝ» አላቸው። የተረቱ ጅብ እዚህ ላይ ቦታውን ለውጦ ከታች ሆኖ ይከሳል፤ ሰበቡ ግን ያው ነው።

ስለዚህ ቁልቁለት ብቻውን ዳኛ ሊሆን አይችልም። ማን በማን ላይ ምን እንዳደረሰ የሚናገር ምስክር ያስፈልጋል፤ ችግሩም ያለው እዚህ ነው። ወንዝ የጣሉበትን ተሸክሞ ይሄዳል፣ ከዐይን ይሰወራል፣ የጣለውም ሰው ንጹሕ ሆኖ ይቀራል። ዓባይ ግንድ ይዞ ይዞራል የሚባለው በእርሱ ዕጣ ሆነና እንጂ ትናንሾቹ ጅረቶችም ማደሪያ የላቸውም። የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ለዓባይ ያልተቀኘው ቅኔ የለም፤ ስለ ቀጨኔ ግን ብዙ አልተባለም። ከላይኛው የከተማው ክፍል የሚወርደውን ውኃ የሚቀበል አንድ የመሀል ከተማ ጅረት «ባንተ ይቀጡ» ይባላል። ስሙ ከየት እንደመጣ ትተን ቃሉን ብቻ ብንሰማው እንኳ ለአንድ ሙሉ ተውኔት የሚበቃ ነገር አለው። በምን ይቀጡ? ማንስ ይቀጣ?

የታችኛውን አቤቱታ ይዞ ሽቅብ የሚወጣ ፍጡር በተፈጥሮ ውስጥ አለ። ዓሣ ነው። ከጉለሌ ጅረቶች ይህን ምስክርነት መጠበቅ ዛሬ አይቻልም፤ ውኃው ከተማውን አቋርጦ የሚያልፍበት መንገድ ዓሣ የሚወጣበት መንገድ አይደለም። ነገሩ በግልጽ የሚታየው በሌላ የአገሪቱ ደጋ፣ በጣና ነው።

በጣና ሐይቅ ዓሣ አስጋሪዎች በጅምላ ነጭ ዓሣ የሚሏቸው፣ የሳይንስ ሰዎች ደግሞ ላቢዮባርበስ ብለው የሰየሟቸው ዘመዳሞች ይኖራሉ። አርባ ሜትር ያህል ቁመት ያለው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው የዓባይ ዓሣ ለይቷቸዋል። በዚህ ተገልለው በኖሩበት ረጅም ዘመን ከአንድ ወገን ተነሥተው ከአሥራ አምስት የማያንሱ ዝርያዎች ሆነዋል፤ አንዱ ሌላውን ዓሣ አዳኝ፣ አንዱ ከሐይቁ ወለል ለቃሚ ሆኖ እንደየኑሮው የአፉ ቅርጽ ሳይቀር ተለውጧል። የዚህ ዓይነት የዓሣ ቤተ ዘመድ በፊሊፒንስ ላናኦ በሚባል ሐይቅም ነበረ፤ ያኛው ጠፍቷል።

ከጣናዎቹ ከፊሉ ክረምት ሲገባ ሐይቁን ትተው ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭ፣ ወደ ግልገል ዓባይና ወደ ሌሎችም ገባር ወንዞች ሽቅብ ይወጣሉ። የሚፈልጉት ብዙ አይደለም፤ ፈጠን ብሎ የሚፈስ ጥሩ ውኃና ንጹሕ ጠጠር ነው። እንቁላሉ በጠጠሩ መካከል ሆኖ አየር ያለው ውኃ ሊያልፍበት ይገባል። ጠጠሩን ደለል ከሸፈነው እንቁላሉ ታፍኖ ይሞታል። እንግዲህ የደጋው ገበሬ የማሳውን አፈር መያዝ አለመያዙ የሚታወቀው በዚያ ጠጠር ላይ ነው ማለት ነው። ገበሬው ዓሣውን አይቶትም ቀምሶትም አያውቅ ይሆናል። ዓሣው ግን የገበሬውን እርከን ያውቀዋል።

በ1978 ዓ.ም. ገደማ የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ሐይቁ ላይ ከገባ በኋላ አስጋሪው ለመውለድ የሚወጣውን መንጋ በወንዞቹ አፍ ላይ መጠበቅ ለመደ። አሸዋውና ጠጠሩ ለሕንፃ ተዛቀ። የመስኖ ሞተሮች ወንዙን ጠጡት፤ በርብ ላይም ግድብ ቆመ። የኔዘርላንድና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ባደረጉት ክትትል ወደ ወንዝ የሚወጡት ዝርያዎች በዐሥር ዓመት ውስጥ ከግማሽ እጅግ በሚበልጥ መጠን መቀነሳቸውን አሳይተዋል። እዚህ ላይ «ሰው ይብላ ወይስ ዓሣ ይኑር?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። መስኖና ግድብ ለፎገራ ገበሬ እንጀራው ናቸውና ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ዳሩ ግን አጠያየቁ ጎዶሎ ነው። ዓሣው ሲጠፋ በመጀመሪያ የሚራበው በታንኳ የሚያሰግረው ደሃ ነውና፣ የተቀመጠው ምርጫ በሰውና በዓሣ መካከል ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሰውና በሌላ ሰው መካከል ነው። ዓሣው የሁለተኛውን ሰው ስም ስለማይናገር ብቻ ከሂሳቡ ይወጣል።

በሰሜን አሜሪካ የውቅያኖስ ዳርቻ ሳልሞን የሚባለው ዓሣ የዚሁ ጠባይ ዝነኛ ባለቤት ነው። ወንዝ ውስጥ ተወልዶ ውቅያኖስ ውስጥ ያድጋል፤ ለመውለድም የተወለደበትን ወንዝ ፈልጎ ይመለሳል። በዋሽንግተን ግዛት ኤልዋ በሚባለው ወንዝ ላይ እ.ኤ.አ. በ1913ና በ1927 የተጠናቀቁ ሁለት ግድቦች መንገዱን ዘጉበት። ኑሮው ከዚያ ዓሣ ጋር የተሳሰረው የክላላም ሕዝብ ለብዙ ዘመን ከተሟገተ በኋላ፣ ከ2011 እስከ 2014 ድረስ ግድቦቹ ፈረሱ፤ ሳልሞኑም ከግድቦቹ በላይ ወዳለው ውኃ እንደገና ወጣ። ይህን ምሳሌ እንዳለ ቆርጦ ኢትዮጵያ ላይ መለጠፍ ስንፍና ነው። ገና ብርሃን ያላገኘ ብዙ ቤት ያለው አገር ከግድብ ማፍረስ የሚጀምርበት ምክንያት የለውም። ከኤልዋ የሚወሰደው ትምህርት ሌላ ነው። እዚያ የሥራው ፍጻሜ የተለካው በተመራቂው ድንጋይ ወይም በተቆረጠው ሪባን አልነበረም፤ አንድ ያልተጋበዘ እንግዳ በራሱ ጊዜ መጥቶ መውለድ አለመውለዱን በማየት ነው።

የጉለሌ ጉዳይ ዞሮ ዞሮ የሚመጣው ወደዚህ መለኪያ ነው። ሰው አንድን ወንዝ ሁለት ጊዜ አይረግጥም የሚለው አስተሳሰብ ከጥንታዊው ግሪካዊ ፈላስፋ ከሄራክሊተስ ጋር ተያይዞ ይነገራል። እውነት ከሆነ «ወንዝን መመለስ» ምን ማለት ነው? ከምኒልክ በፊት የነበረው የእንጦጦ ጽድ ተነሥቶ አይቆምም፤ ያ ውኃም ሄዷል። ሊመለስ የሚችለው ውኃው ሳይሆን ውኃው የሚያድርበት ሁኔታ ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በከተማው አስተዳደር የጋራ ጥረት የተቋቋመው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል 705 ሄክታር መሬት ይዟል። በባሕር ዛፍ ተሸፍኖ በኖረ ቁልቁለት ላይ ቀስ በቀስ አገር በቀል ዕፅዋትን መተካት ከሥራዎቹ አንዱ ነው። ይህ ዓይነት ሥራ ዐይን አይሞላም። ኮሶ እንደ ባሕር ዛፍ አይቸኩልም፤ የተከለው ሰው ጥላው ሥር ላይቀመጥ ይችላል። አፈሩ እስኪወፍር፣ ጉድባው ውስጥ ሣር እስኪይዝ፣ ምንጩ ከበጋው አንድ ሳምንት ጨምሮ እስኪቆይ ድረስ የሚያጨበጭብ የለም።

ከተማው በበኩሉ ወደ ወንዞቹ ፊቱን መልሷል። በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የሸገር የወንዞች ዳርቻ ልማት ከእንጦጦ ተነሥቶ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የሚሸፍን ሆኖ ተነደፈ፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ የእንጦጦ ፓርክ ተከፈተ። ለዘመናት የቆሻሻ መጣያ ሆኖ የኖረን ወንዝ ሰው ሊያየው የሚገባ ነገር ማድረግ ትልቅ ለውጥ ነው። ውበትን መናቅም የኪነ ጥበብ ሰው ተግባር አይደለም። ነገር ግን በኪነ ጥበብ ዘንድ ስለ ቅርጽና ይዘት የሚነሣው የቆየ ክርክር እዚህም ይሠራል። መጋረጃ ላይ የተሣለ ወንዝ መድረክ ላይ ሊሰቀል ይችላል፤ ተመልካቹም ያደንቀዋል፤ ይሁን እንጂ ሊጠጣው የሚወርድ የለም። በግንብ የታጠረ፣ ዳርቻው በድንጋይ የተነጠፈ፣ ሌሊት በመብራት የሚያሸበርቅ ጅረት በውስጡ አንዲት ነፍስ የማትኖርበት ከሆነ ይኸው መጋረጃ ነው። የሚበልጠው ሥራ የማይታየው ነው፤ የፍሳሹ ቱቦ፣ የፋብሪካው ማጣሪያ፣ የላይኛው ቁልቁለት እርከን፣ የወንዙ ዳር ቁጥቋጦ።

ለዚህ ሁሉ ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው? በቀጨኔ ወንዝ ጥግ ተጠጋግቶ የተሠራ የጭቃ ቤት መጸዳጃው ወደ ጅረቱ የሚፈሰው ነዋሪው ወንዙን ስለሚጠላ አይደለም። የፍሳሽ ቱቦ ደጁ አልደረሰም፤ መምጠጫ መኪና በዚያ ቀጭን መንገድ አይገባም። ወንዙ ይታደስ ሲባል ይህ ሰው ቤቱን፣ ከቤቱም ይልቅ ጎረቤቱን፣ ዕድሩንና የገበያ ደንበኛውን ይለቃል። ከጭራሮ ለቃሚዋ ጋር ሲነጻጸር ጉዳዩ አንድ ነው። ለውኃው የሚደረገው ካሣ በእርሱ ላይ በሚደርስ በደል ከተከፈለ ዕዳው አልተከፈለም፤ ባለዕዳው ብቻ ተለወጠ። ስለዚህ የነዋሪው አዲስ ቤት፣ የሸማኔው አዲስ የሥራ ቦታ፣ የሸክላ ሠሪዋ አዲስ ገበያ እንደ ድንጋዩና እንደ ችግኙ ሁሉ የወንዙ ሥራ አካል ሆነው መቆጠር ይኖርባቸዋል። ይህ እንደ ምጽዋት ሊታይ አይገባውም። ውኃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ የሚል ሕዝብ ጥሩንና ሥሩን ለያይቶ አያይም ነበርና።

«ታች ያለው ዓሣ ለጉለሌ ሰው ምኑ ነው?» የሚል ተከራካሪ አሁንም ይኖራል። ላይኛው ሰው የለቀቀው ነገር አይመለስበትም ብሎ የሚያምን ሁሉ እንዲህ ይጠይቃል። መልሱ ያለው አቃቂ ሜዳ ላይ ነው። እዚያ ገበሬዎች ይህንኑ ከተማውን አቋርጦ የመጣ ውኃ እየጠለፉ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ያለማሉ። ተመራማሪዎች በዚህ ውኃ በለማ አትክልት ውስጥ እንደ ክሮሚየም ያሉ ከባድ ብረቶችን ደጋግመው አግኝተዋል። ገበሬው ሌላ ውኃ የለውም፤ ከተማውም ይህን ጎመን ሳይበላ አያድርም። አትክልቱ ማለዳ በመኪና ተጭኖ ወደ ገበያ ይወጣል፤ ከገበያም በእስር በእስር ተከፋፍሎ ሽቅብ፣ እስከ ተራራው ግርጌ ይደርሳል። ዓሣው በማይወጣበት አቅጣጫ ጎመኑ ይወጣል። ምስክርነቱ ይኸው ነው፤ የሚሰማው ግን በጆሮ ሳይሆን በሆድ ነው።

ከእነዚያ እስሮች አንዱን ሽሮ ሜዳ ላይ የገዛች እናት ቤቷ ገብታ የቧንቧ ውኃ ተራ ትጠብቃለች። የቧንቧው ውኃ ከራሷ ተራራ የወረደ አይደለም፤ ለገዳዲን ከመሰሉ ሩቅ ግድቦች ተገፍቶ የመጣ ነው። ውኃው ሲመጣ ጎመኑን በሁለት ሳፋ ውኃ አጥባ፣ እጣቢውን ደጃፏ ካለው ቦይ ትደፋዋለች። ቦዩ ወደ ቀጨኔ ይወርዳል።